በባቡር የተወለደች ከተማ

ከተማም እንደ ሰው ትወለዳለች፤ ታድጋለች፤ ትታመማለችም። የሰው ዕድሜ በዓመት ሲቆጠር የአንዲት ከተማ ዕድሜ ግን ይልቁንም ባገኘችውና ባጣችው ሥራ ይለካል። ለዚህ ነገር ከድሬዳዋ የተሻለ ምስክር የሚገኝ አይመስለኝም።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን ተራራው አስቸገረና ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ ከሜዳው ላይ ደረሰ። በዚያም የተቈረቈረችው ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ባሉት ዐሥራ አራት ዓመታት ድሬዳዋ የአገር በር ነበረች። ከደጋ በአጋሰስና በግመል የወረደው ቡናና ቆዳ እዚያ ይጫናል፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ጨርቅ እዚያ ይራገፋል።

እነሆ በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ዐይነት ኑሮ በቀለ። በከዚራ፣ በቀጥታ በተቀየሰው መንገድና በዛፉ ጥላ ሥር፣ የኩባንያው ሹማምንት ሰፈሩ። በመጋላ ደግሞ ነጋዴው ተሰበሰበ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ ሲገበያዩ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ለመደ። የባቡሩ ጋራዥም ለብዙ ወጣት ብረት መቀጥቀጥንና ሞተር መጠገንን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሆነ። ቀድሞ ኑሮውን በመከርና በከብት ይቈጥር የነበረው ሰው፣ በደመወዝ ቀን መቍጠር ጀመረ።

ነገር ግን አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም። ጭነቱን የጭነት መኪና እየወሰደው፣ ሐዲዱም እያረጀ ሄደና በ2000 ዓ.ም. ገደማ ባቡሩ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል መመላለሱን አቆመ። የቆመው ባቡሩ ብቻ አልነበረም። በድሬዳዋ የተሸካሚው፣ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ በባቡሩ መስኮት ሥር ምግብ የምትሸጠው ሴት እንጀራም አብሮ ቆመ።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ ባቡር ተመረቀ፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጠና ተከፈተ። ይህ ሁሉ መልካም ተስፋ ነው።

ሆኖም አንባቢዬ ሆይ፣ ከአሮጌው ባቡር የሚገኘውን ትምህርት አንርሳ። ሐዲድ ይዝጋል፤ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። እንግዲህ አንድ ፋብሪካ ሊተከልላት እልል የምትል ትንሽ ከተማ ሁሉ፣ «ስንት ሰው ይቀጥራል?» ብላ ብቻ አትለፍ፤ «የዘጋ ዕለት ለልጆቼ ምን ሙያ ትቶላቸው ይሄዳል?» ብላም ትጠይቅ።