ከአዲሱ ፓምፕ በፊት የተቃጠለውን ይመርምሩ

የቤት ፍሳሽ ጉድጓድ ፓምፕ ሲቃጠል በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ የተለመደው መፍትሔ ስልክ ማንሳት ነው። መርካቶ የሚነግድ ዘመድ ይፈለግና «ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ላክልኝ» ይባላል። ዕቃው በጭነት ይመጣል፣ በአሮጌው ቦታ ይገባል፣ ክዳኑ ይከደናል። አሮጌው ለምን እንደተቃጠለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተተካ ፓምፕ ደግሞ የቀደመውን ዕጣ ይደግማል። በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች ይህ ስህተት ከሌላው አገር ይልቅ ያስከፍላል፤ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ መለዋወጫውም ሩቅ ነው። ከጅቡቲ የሚነሳው ኮንቴይነር በጋላፊ ገብቶ በሰመራ በኩል ወደ ሞጆና አዲስ አበባ ያልፋል፤ ውስጡ ያለው ፓምፕ ሰመራ ለመድረስ ግን ያንኑ መንገድ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተመልሶ መምጣት አለበት።

ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽን አቆይቶ የሚያረጋ ጉድጓድ ነው። ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ በመሃል የቀረው ውሃ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራ በ1881 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ የረጋው ውሃ በራሱ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይወርዳል፤ ፓምፕ የሚባል ነገር አያስፈልግም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ካለ ከሁሉ በፊት ይህን ይሞክር። ሰመራ ግን የተቆረቆረችው ሜዳ ላይ ነው። የአዋሽ ከተማ መሬት ደግሞ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አለት ስለሆነ በፈለጉት ቦታና በፈለጉት ጥልቀት መቆፈር አይቻልም። ማስረጊያው ከታንኩ ከፍ ብሎ ወይም ርቆ ሲሠራ ውሃውን የሚያደርሰው ፓምፕ ይሆናል።

ወደ ተቃጠለው ፓምፕ እንመለስ። ያላንዳች መለኪያ መሣሪያ ብዙ ነገር ይናገራል። መብራት ሲሰጡት እየጮኸ የማይዞር ከሆነ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መዞሪያው በጨርቅና በፌስታል ታንቋል። ካፓሲተር ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፤ ፓምፑ ያለጊዜው መጣል የለበትም። እንዳበሩት ብሬከሩን የሚጥል ከሆነ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የዘይቱ መክፈቻ ሲፈታ የሚወጣው ዘይት ወተት መስሎ ከነጣ ደግሞ ዘንጉን የሚያሽገው ሜካኒካል ሲል ተበልቷል ማለት ነው። ሞተሩ ተከፍቶ ሽቦው ጠቁሮ የቃጠሎ ሽታ ካለው ያቃጠለው ሙቀት ነው፤ ያኔ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ ይኖርብዎታል።

በዚህ ሸለቆ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች ይመነጫል። አንደኛው ውሃው ነው፤ ጠላቂ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ውሃ ነው። በአብዛኞቹ የቤት ፍሳሽ ፓምፖች ሰሌዳ ላይ የሚፈቀደው የውሃ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሞቃቶቹ ወራት አየሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከመሬት በታች ያለው ፍሳሽ ከአየሩ ቢቀዘቅዝም ለሞተሩ የሚቀርለት ትርፍ ጠባብ ነው። ውሃው አልቆ ሞተሩ በአየር ላይ መዞሩን ከቀጠለ ያ ትርፍ በደቂቃዎች ያልቃል። ስለዚህ የሽቦው መከላከያ ደረጃ ኤፍ የሆነ፣ ማለትም እስከ 155 ዲግሪ የሚችል፣ ውስጡም ሲግል ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለው ሞተር ይምረጡ።

ሁለተኛው የመብራት ኃይል ነው። የቤት መስመር 220 ቮልት ይባላል፤ ሁሉም አየር ማቀዝቀዣውን በሚከፍትበት ሰዓት ግን ይወርዳል። ቮልቴጁ 180 ሲደርስ ሞተሩ ሲነሳ የሚያገኘው የመዞር ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፤ መዞር ስላቃተው ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ከዚህ የሚያድነው ቮልቴጁ ሲወርድም ሲጨምርም ፓምፑን የሚያቋርጥ መከላከያ ነው። ሽቦውም ቀጭን ከሆነ ከቮልቴጁ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል፤ ታንኩ ከቤቱ ከራቀ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሳይሆን ቢያንስ 2.5 ይዘርጉ።

ሌላም ብዙዎች የማያዩት ቁጥር አለ። ሳዑዲ ዓረቢያ የኤሌክትሪክ ሞገዷ 60 ኸርዝ ነው፤ የኛ 50 ነው። ከዚያ የመጣ ፓምፕ እዚህ ሲገጠም ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋበት አቅም ደግሞ ወደ 70 በመቶ ያህል ይወርዳል። ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ይዞራልም፤ ውሃው ግን ማስረጊያው ጋ አይደርስም። ሻጩ ምንም ቢል ሰሌዳው ላይ 50 የሚለውን በዓይንዎ ይዩ።

አሁን ግዢው። «ስንት ፈረስ ጉልበት?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አያዋጣም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮችም ያሳስታሉ፤ ከፍተኛው ከፍታ የሚነገረው አንዲት ጠብታ በማይወጣበት ነጥብ ነው፣ ከፍተኛው መጠን ደግሞ ውሃው ምንም ከፍታ በማይወጣበት ነጥብ። የእርስዎ ሥራ በሁለቱ መካከል ነው። አንድ ግቢ እናስብ፦ ከፓምፑ እስከ ማስረጊያው አፍ ያለው ከፍታ 5 ሜትር፣ ቧንቧው ባለ 63 ሚሊ ሜትር ሆኖ ርዝመቱ 40 ሜትር ነው። ዝቃጩ ቧንቧው ውስጥ እንዳይቀመጥ ውሃው በሰከንድ 0.7 ሜትር ገደማ መፍሰስ አለበት፤ ይህም በሰዓት 5 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። የቧንቧውና የክርኖቹ ሰበቃ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ የሚፈለገው ፓምፕ በ6.5 ሜትር ከፍታ በሰዓት 5 ሜትር ኩብ የሚሰጥ ነው። ከፍተኛው ከፍታ 7 ሜትር የተባለው ለዚህ ግቢ አይሠራም፤ ከ10 እስከ 12 ሜትር የተጻፈበት ይሻላል። ከዚያ እጅግ የበለጠ መግዛትም ጉዳት አለው፤ ትልቁ ፓምፕ ክፍሉን በቅጽበት ያደርቅና ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ራሱን ይጎዳል፣ ዝቃጩንም ያናውጣል። ነጋዴውን የፓምፑን የአቅም ሠንጠረዥ ይጠይቁት፤ ሠንጠረዥ የሌለውን ፓምፕ አልገዛም ማለት መብትዎ ነው።

ከጉልበቱ ቀጥሎ የሚታየው ጉሮሮው ነው። የንጹሕ ውሃ ፓምፕ ቅንጣት ሲያገኝ ይታነቃል። ለታንኩ የሚሆነው ባለ አዙሪት መዞሪያ፣ በሙያው ቮርቴክስ የሚባለው ነው፤ መዞሪያው ከጎን ስለሚቀመጥ ቆሻሻው ሳይነካው ያልፋል። የጣሊያኑ ፔድሮሎ ቪኤክስ የተባሉት ዓይነቶች 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ያሳልፋሉ። ይህን ቁጥር ለየትኛውም ስም መለኪያ ያድርጉት። በዚህ አካባቢ ኢስቲንጃ፣ ማለትም በውሃ መታጠብ፣ ስለሚበዛ ወረቀት ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግሩት አሸዋ፣ የሕፃን ዳይፐርና የጫት ገረባ ናቸው። አሸዋው ሲሉን ስለሚበላ ከካርቦን ይልቅ ሲሊኮን ካርባይድ የሆነ፣ ቢቻል በዘይት መካከል ድርብ ሲል ያለው ይመረጣል። አካሉም ይታይ። የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ በሆነበት ቦታ 304 የተባለው የማይዝግ ብረት በነጥብ በነጥብ ይበላል፤ 316 ወይም ወፍራም የካስት አይረን አካል ይቆያል።

ፓምፑ በሁለተኛው ክፍል፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ብሎኬት ላይ ይቀመጥ። ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ እያለ ፓምፑን የሚያበራውና የሚያጠፋው ፍሎተር ግድግዳ እንዳይነካ፣ ፓምፑም ውሃው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ እንዲጠፋ ተደርጎ ይስተካከል። የሚመለሰውን ውሃ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ መፍሰስ መከላከያና በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ አይቀሩ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትናወጥ የነበረ ነዋሪ ሁሉ ደግሞ ታንኩን ያስፈትሽ፤ ግድግዳው ከተሰነጠቀ ውሃው በስንጥቁ ያልቅና ፓምፑ በደረቁ ይዞራል። እንዲህ ላለው ችግር አዲስ ፓምፕ መፍትሔ አይሆንም።

ማስወጫውን ወደ ጎርፍ መውረጃ ወይም ወደ ወንዙ መቀጠል ግን በምንም ምክንያት አይደረግ። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ የተጣለበትን ሁሉ በአሳይታ በኩል ይዞ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ በመንገዱ የሚጠጣው ሰውም ከብትም ብዙ ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። ርካሹን ሁለት ጊዜ ከመግዛት ይልቅ ሲሉ፣ ካፓሲተሩና ፍሎተሩ ለብቻቸው የሚሸጡለትን አንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል። የሞተሩን ሽቦ የሚጠቀልል ባለሙያ በአቅራቢያ መኖሩንም ይጠይቁ። ከቻሉ ትርፍ ሲልና ካፓሲተር አብረው ያስልኩ፤ ጳጉሜን ወይም ረመዳን ላይ ሲበላሽ መንገድ አያስጠብቅዎትም።

የመጨረሻው መምረጫ ከሁሉም ይበልጣል። የሚገዙት ፓምፕ በሰንሰለት ከላይ ተስቦ የሚወጣ፣ ቧንቧውም ከክዳኑ አጠገብ የሚፈታ ይሁን። በሙቀት ውስጥ ያለ ፍሳሽ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በብዛት ያመነጫል፤ ጋዙ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን የማሽተት አቅምን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሰው «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ ይወርዳል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊያወጣው ብሎ ይወርዳል፣ ሁለቱም ይቀራሉ። እባክዎ ፓምፕ ለማውጣት ልጅዎንም፣ የቀን ሠራተኛም፣ ራስዎንም ወደ ጉድጓዱ አያስወርዱ። ሰንሰለት ከሌለው መብራቱን አጥፍተው፣ በመምጠጫ መኪና አስጠጥተው፣ ከላይ ሆነው በመንጠቆ ያውጡት፤ አዲሱን ሲያስገቡ ደግሞ መጀመሪያ ሰንሰለቱን ይሰሩለት።