የወላጅን ቤት ከማከራየት በፊት

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሦስት እህትማማቾች ከእናታቸው የወረሱትን ቤት ሊያከራዩ ተመካከሩ እንበል። ታላቂቱ «ቅርብ ነኝና ውሉ በእኔ ስም ይሁን» ትላለች። ሐሳቧ ቅን ነው። ዳሩ ግን ግብሩም የሚጠየቀው ከእርሷ ይሆናል፤ የኪራይ ገቢ ግብር ምጣኔ ደግሞ ከገቢው ጋር እያደገ እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ፣ የሦስቱ ድርሻ በአንዲቱ ስም መቆለሉ ይጎዳታል። ስለዚህ አስቀድሞ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ድርሻን በጽሑፍ መለየት ይበጃል።

በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ማከራየትም ለግለሰብ ተከልክሎ ነበርና ብዙ እናቶቻችን የኪራይ ውል ሳይዙ አረጁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል።

ባለትዳር እህቶቻችን የሚዘነጉት ሌላ ጉዳይ አለ። በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የተወረሰው ቤት የሚስቲቱ የግል ሀብት ሲሆን፣ ኪራዩ ግን የባልና የሚስት የጋራ ነው። በግቢው ሰርቪስ ቤት በጋራ ገንዘብ ከተሠራም ደረሰኙን አስቀምጡ።