መልሱን አማካሪውም የማያውቀው ጥያቄ

የዶክትሬት ተማሪ ያለበት ቤተሰብ «አሁንም አልጨረስክም?» የምትለዋን ጥያቄ በደንብ ያውቃታል። ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ትነሳለች። ተማሪው «የጤፍ አበባ ላይ ነው የምሠራው» ብሎ ሲመልስ ጠያቂው ራሱን ይነቀንቅና ወሬ ይቀይራል። አራት አምስት ዓመት ለአበባ! አይፈረድበትም፤ ትምህርት ሲባል የምናውቀው መምህር ያስተማረውን አጥንቶ መፈተንን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ፈተና መልሱ መምህሩ እጅ ላይ አለ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚያነሳውን ጥያቄ መልስ ግን አማካሪውም አያውቀውም፤ ካወቀውማ ጥናቱ ለምን ይደረጋል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ ዶክትሬት ደግሞ በ1987 ነው (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ የሚወጣ ዶክተር ስድስት ኪሎ ይማር አራት ኪሎ፣ ጥቁር አንበሳ ይዋል ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ማዕረጉ አንድ ነው። ውሏቸው ግን አይገናኝም። አንዱ ላቦራቶሪ ሲያመሽ ሌላው ገዳም ደጅ ይጠናል። ከርእሶቹ ብዛት ይልቅ እኔን የሚገርመኝ፣ ተመራማሪውን «ተሳስተሃል» የሚለው አካል ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል መለያየቱ ነው።

የጤፉን ተማሪ የሚያርመው ራሱ ጤፉ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው፤ አበባው እጅግ ደቃቅ፣ ሺህ ፍሬው ተመዝኖ አንድ ግራም የማይሞላ። ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይሞከር ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1970ዎቹ ግን ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ መሆኑን ደረሱበት። ለካ ሰው ሁሉ ማሳ የሚደርሰው አበባው ከተዘጋ በኋላ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ማዳቀል የሚፈልግ ሰው ማይክሮስኮፕ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ በቀጭን ወረንጦ የአበባውን ወንዴ ክፍል ሳይበስል ይለቅማል፤ በማግስቱ ማለዳ ከሌላው ዝርያ የአበባ ብናኝ አምጥቶ ያሳርፍበታል። እጁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ወይም አንዲት ወንዴ ከቀረች አበባው በራሱ ይዳቀላል። ይህን የሚያውቀው ግን ያን ዕለት አይደለም። ዘሩ ተሰብስቦ፣ ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ ልጁ ቁርጥ እናቱን መስሎ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ወራት አልፈዋል። በ2006 ለገበሬው የተለቀቀው «ቁንጮ» ነጭ ፍሬ ያለውን ዝርያ ከምርታማው ጋር በዚሁ መንገድ በማዳቀል የተገኘ ነው።

ስድስት ኪሎ ያለው የፊሎሎጂ ተማሪ ደግሞ በሕይወት ከሌሉ ሰዎች ጋር ነው ጉዳዩ። አንድ ገድል ይመርጣል። ከዚያ የዚያን ገድል ቅጂዎች ማፈላለግ ነው፤ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው፣ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው በር ይሆናል። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ስለሚገኝ እዚያም መጻጻፍ አለ። የቀረው በየገዳሙ ነው። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ፣ ከወረዳው ቤተ ክህነት ሌላ ደብዳቤ ይዞ ይደርስና «የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው አባት ለክብረ በዓል ሄደዋል» ይባላል። ይጠብቃል።

መጽሐፉ ሲወጣ ሥራው ቃል በቃል ማስተያየት ነው። ጸሐፊው ደክሞት ኖሮ አንድ መስመር ዘልሏል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ቃል በሁለት ተከታታይ መስመሮች ላይ መገኘቱ ነው፤ ዓይን ከመጀመሪያው ተነስታ ሁለተኛው ላይ ታርፋለች። አራት ቅጂዎች ያንኑ መስመር ከዘለሉ ምናልባት ከአንድ እናት መጽሐፍ የተገለበጡ ናቸው። የሀሌታው ሀ እና የሐመሩ ሐ መቀያየር ግን ብዙም አያስተማምንም፤ ያን ሁሉም ጸሐፊ ያደርገዋል። ጸሎቱ ውስጥ የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ቦታ ሲገኝ ደግሞ መጽሐፉ እጅ መለወጡ ይታወቃል። እንዲህ ተደርጎ የቅጂዎቹ የዘር ሐረግ ይሠራል። የሚያፈርሰው ነገር ካለ ነገ ከአንድ ደብር የሚወጣ፣ ማንም ያላየው ሌላ ቅጂ ነው።

የማኅበረሰብ ጤና ተማሪ በሚሠራበት ቡታጅራ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ የሚጠየቀው ልቡ የቆሰለ ሰው ነውና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1986 በቡታጅራ ዙሪያ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ለቆ ሄደ። መዝጋቢዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ከዚህ አንድ መዝገብ ብዙ የዶክትሬት ሥራዎች ተወልደዋል። እዚያው ቡታጅራ በኋላ በተደረገ የአእምሮ ጤና ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቋል፤ ጽኑ ሕመም ከተገኘባቸው ውስጥ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ የሚጠብቅ ተመራማሪ እነዚህን ሰዎች ከነጭራሹ አያያቸውም።

ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው በምን እንደሞተ እንዴት ይታወቃል? ሐዘኑ ትንሽ በረድ እስኪል ተጠብቆ መዝጋቢው ወደ ቤቱ ይመለሳል። «እናቴ፣ ያስለው ነበር ወይ? ሳሉ ነው የቀደመው ትኩሳቱ?» ይላል። እናት የምታስታውሰውን ትናገራለች። ቅጹን ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ ያነቡታል፤ ካልተስማሙ ለሦስተኛ ይሰጣል። ወረቀት ላይ «የመረጃ አሰባሰብ ዘዴ» ተብሎ በሁለት አንቀጽ የሚያልቀው ነገር ይህ ነው። ጥያቄ እንዳይበዛባት፣ ፈቃዷን ሳትሰጥ እንዳትጠየቅ የሚቆጣጠር የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ተማሪዎች ስለ ኮሚቴው መጓተት ያማርራሉ፤ እኔ ግን በኮሚቴው በኩል ነኝ።

የምድር ፊዚክስ ተማሪው ማንንም አያስቸግርም፤ መሬትም እሱን አትጠብቀውም። በ2005 አፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ አለት ላይ በተተከሉ መሣሪያዎች በዓመት በሚሊሜትር የሚለካ ርቀት ለሚከታተሉ ሰዎች ያ ክስተት የዕድሜ ልክ ትምህርት ነበር።

ሁሉም እንዲህ የሚያጓጓ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራዎችን የሚያገላብጥ ሰው አንድ ዓይነት ርእስ ተደጋግሞ ያገኛል፦ የእገሌ አሠራር በእገሌ ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእንቶኔ ክፍለ ከተማ። መሣሪያው ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የተደረደረ መጠይቅ ነው። መጠይቁ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ይታደላል፤ ሠራተኛው ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ እየጠጣ መካከለኛዋን ሣጥን ከላይ እስከ ታች ምልክት ያደርግባታል። እንዲህ ያለው ጥናት ጉድለቱ ርእሱ አሰልቺ መሆኑ አይደለም፤ ማንም «ተሳስተሃል» ሊለው አለመቻሉ ነው። ልጁ እናቱን መስሎ አይወጣበት፣ ሌላ ቅጂ አይገኝበት። በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ የስልክ እንጨት ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚሉ ወረቀቶች የሚለጠፉትም ገበያቸው እዚህ ስለሆነ ነው። የመጠይቅ ጥናት ሁሉ ግን እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ15 መንደሮች ያሉ 1,400 ገደማ የገበሬ ቤተሰቦችን በየጊዜው እየተመለሰ ጠይቋል፤ ሰዎቹ ያው፣ ዓመቱ ሌላ። ባለፈው የተናገሩት ከዘንድሮው ጋር ይስተያያል።

በመጨረሻ ተማሪው ሥራውን በፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ዲፌንስ ይመጣል። ሰብሳቢ፣ የውስጥ ፈታኝ፣ የውጭ ፈታኝ ይቀመጣሉ። ጎበዝ ፈታኝ ስለ ግኝቱ አይደለም የሚጀምረው፤ «ከናሙናው የጣልከው አለ? ለምን ጣልከው?» ይላል። ርእሱና ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ ፍላጎት ያለው ሰው ገብቶ ከኋላ መቀመጥ ይችላል። ያለፈው ተማሪ እርማቱን አስገብቶ ቅጂውን ለቤተ መጻሕፍት ያስረክባል፤ ብዙዎቹ ሥራዎች በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር ይገኛሉ። አንዱን ለመክፈት ያሰበ አንባቢ ምስጋናውንና ማጠቃለያውን አልፎ «የጥናቱ ውሱንነት» የሚለውን ክፍል ይፈልግ። እዚያ «ጊዜና ገንዘብ ስላጠረ» ብቻ ከተጻፈ ሌላ ሥራ ይምረጥ፤ ከስንቱ ቤተሰብ ስንቱ በሩን እንዳልከፈተና ያም ውጤቱን ወደየት ሊያዘነብል እንደሚችል ከተጻፈ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምር።