የግልግል ዳኛ የወሰነውን ፍርድ ቤት ሲያየው

በአሜሪካ የጋራ ሕንፃ ላይ ቤት የገዛ ሰው የባለቤቶች ማኅበሩን ደንብም አብሮ ይቀበላል። ውሻ ማሳደግ፣ በረንዳን በመስታወት መዝጋት፣ የማኅበሩን የሂሳብ መዝገብ ልይ ማለት፣ ሁሉም ጠብ ያስነሳል። ጠቡ በግልግል ዳኛ ከተወሰነ በኋላ ፍርድ ቤት ምን ያህል እጁን ያስገባል? እንደ ግልግሉ ዓይነት ነው።

ውሳኔው አስገዳጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው የፌዴራል ግልግል ሕግ የሚገዛው ከሆነ በሩ ጠባብ ነው። «ዳኛው ሕጉን ተሳስቷል» ማለት ብቻውን አያዋጣም፤ ማጭበርበር፣ ግልጽ አድልዎ፣ ተገቢ ማስረጃ አለመስማት ወይም ከሥልጣን ማለፍ መረጋገጥ አለበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በሆል ስትሪትና በማቴል መዝገብ ላይ ተዋዋዮች እነዚህን ምክንያቶች በውል ማስፋት እንደማይችሉ ወስኗል።

የፍሎሪዳ የኮንዶሚኒየም ሕግ ግን ሌላ መንገድ መርጧል። በግዛቲቱ መሥሪያ ቤት በኩል የሚካሄደው ግልግል፣ ተከራካሪዎቹ አስገዳጅ ይሁን ብለው ካልተስማሙ በቀር፣ የመጨረሻ አይደለም፤ ቅር ያለው ወገን በ30 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ክርክሩን እንደ አዲስ ማስጀመር ይችላል። ወጥመዱ ወጪው ላይ ነው። ፍርዱ ከግልግሉ የተሻለ ካልሆነለት የሌላውን ወገን ኪሳራና የጠበቃ አበል ይከፍላል። ማኅበሩ ጠበቃ የሚያቆመው ከአባላት መዋጮ ነውና (የከሳሹም መዋጮ አለበት!) ሸክሙ ይበልጥ የሚከብደው ለብቻው በሚሟገተው ባለቤት ላይ ነው። 30ው ቀን ካለፈ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል።