ደንበኛ ሲሄድ የምንነጋገረው

«ዝም ብሎ ጠፋ።» በላፕቶፕ ጥገና ቤት ከዚህ የበለጠ የምንሰማው ነገር የለም። ደንበኛው ማታ ደህና ሲሠራ አምሽቶ ጠዋት እንቢ እንዳለው ይነግረናል፤ እኛም አንከራከረውም። ብሎኖቹን ፈትተን ሽፋኑን ስናነሳ ኪቦርዱ ሥር የስኳር ቅሪት፣ ማዘርቦርዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት እናገኛለን። እንዲያውም በአንዳንድ ላፕቶፖች ውስጥ አምራቹ ፈሳሽ ሲነካው የሚቀላ ነጭ ምልክት ለጥፏል። እባካችሁ ሻይ ከፈሰሰበት ፈሰሰበት በሉን። የት መፈለግ እንዳለብን ካወቅን ጊዜውም ወጪውም ያንሳል።

በኛ ሰፈር ሁሉም የሚያውቀውን ልንገራችሁ፦ ብዙውን ላፕቶፕ የሚገድለው ፈሳሹ ብቻውን አይደለም። በእርጥቡ ሰሌዳ ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው መዳቡን የሚበላው። ባለቤቱ ደንግጦ በሶፍት ይጠርግና «እስኪ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ ያበራዋል። ይበራል። ተመስገን ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፤ ዝገቱም ከውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ሰንብቶ አንድ ቀን ጭልም ይላል፤ «ዝም ብሎ ጠፋ» የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሲፈስበት ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጥፉት፤ ኪቦርዱ ወደ ታች እንዲያይ ከፍታችሁ ፎጣ ላይ ድፉት፤ ከዚያ በኋላ ለሙከራ እንኳ አታብሩት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩን ተዉት፤ ቺፕ ሥር የገባውን ውሃ አያወጣም። የፀጉር ማድረቂያም ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ውሃው ቢደርቅ ስኳሩ አይደርቅም፤ እኛ ባትሪውን ነቅለን ሰሌዳውን በአይሶፕሮፒል አልኮል የምናጥበው ለዚህ ነው። በዚያው ቀን የመጣና ከወር በኋላ የመጣ ላፕቶፕ ዕድላቸው አይገናኝም።

ሁለተኛው ገዳይ መብራት ነው፤ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፏል፤ መብራት ሲመለስ በድንገት የሚንረው ቮልት ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ጥፍት ሲል ንቀሉ፤ ተመልሶ ትንሽ እስኪረጋ ጠብቁ። ርካሽ አስመስሎ የተሠራ ቻርጀር ስንከፍት ለመከላከያ መኖር የሚገባቸው ክፍሎች ቦታቸው ባዶ ሆኖ እናገኛለን፤ በእጅ ሲመዘን ራሱ ይቀላል። ሌላ ስትገዙ ቮልቱ ከነባሩ ጋር እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ብረቱን ስትነኩ እጃችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ከሶኬቱ ነው፤ የመሬት መስመር የለውም። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ሙቀትን ሰው ይንቀዋል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ይደፈናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ማራገቢያ እዚህ የሚያቀዘቅዘው ከቆላው ያነሰ ነው። በላዩ አቧራ ሲጨመርበት የሙቀት መውጫው ጥርሶች እንደ ብርድ ልብስ ይለብሳሉ። ስታስጠርጉ ማራገቢያው በአየር ግፊት እንዳይሽከረከር ባለሙያው በጣቱ ይያዝ፤ ካልያዘ አስታውሱት።

ማጠፊያውን የሚሰብረው በአንድ ጥግ ይዞ መክፈት ነው፤ መሃሉን ያዙ። ባትሪው አብጦ የመዳፊት ሰሌዳውን ወደ ላይ ከገፋው ቻርጅ ማድረጉን በዚያው ቅጽበት አቁሙ፤ አትጫኑት፣ አትውጉት፤ ሊቲየም ነው፣ ይነድዳል። ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርገውን ምርጫ ፈልጉ፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች አላቸው።

አሁን ደግሞ ባልደረቦቼ ቅር የሚሰኙበትን። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ስትባሉ ወዲያው አትቀበሉ። አንዳንዴ የሞተው ከሩዝ ፍሬ ያነሰ አንድ ካፓሲተር ነው፤ እሱን ፈልጎ መቀየር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሰሌዳውን በሙሉ መለወጥ ይቀላል። የቱ መስመር ላይ ሾርት እንዳለ አሳዩኝ በሉ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ፤ የእናንተ ነው። ሰሌዳው የእውነት ቢሞት እንኳ ፋይላችሁ በአብዛኛው ያለው ለብቻው በሚነቀለው ዲስክ ላይ ነውና፣ ላፕቶፑን ለመለዋወጫ ከመሸጣችሁ በፊት ዲስኩን አስነቅላችሁ ያዙ።