ዓርብ ብቻ

ክረምት ሲገባ ኮልፌ ያለው ፋርማሲያችን «ለቁርጥማት ምን አላችሁ?» በሚሉ ሰዎች ይሞላል። አብዛኛው ሰው ዲክሎፌናክ ይዞ ይሄዳል። እኔ ግን ከመሸጤ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ጠዋት እጅዎ እስኪፈታ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጉልበቱ በዕድሜ የደከመ ሰው ጥቂት ሲንቀሳቀስ ይፈታለታል። «ኧረ እስከ ረፋድ ጀበና ማንሳት አልችልም» የምትለኝ፣ የሁለቱም እጆቿ የጣት አንጓዎች ያበጡባት ሴት ከሆነች ግን ነገሩ ብርድ አይመስለኝም፤ ወደ ሐኪም እልካታለሁ።

የምጠረጥረው ሩማቶይድ አርትራይተስን ነው፤ ከጀርም ሊጠብቀን የተፈጠረው መከላከያ የመገጣጠሚያን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም አጥንቱን ይቦረቡራል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ይይዛል። አንዳንዱ የሩማቶይድ ፋክተር (አርኤፍ) የላቦራቶሪ ወረቀት ዘርግቶ «አርኤፍ ፖዘቲቭ ነው፣ ሪህ አለብህ ተባልኩ» ይለኛል። ወረቀቱ ብቻውን አይፈርድም፤ ቲቢም ሆነ እዚሁ ክፍለ ከተማችን አለርት ሆስፒታል የሚታከመው የሥጋ ደዌ ይህንኑ ውጤት ሊያሳዩ ይችላሉ።

ከሕመሙ መድኃኒቶች የሚያጨቃጭቀኝ ፕሬድኒሶሎን ነው። ስሙን የማያውቁት እንኳ ባዶ ማሸጊያውን ይዘው ይመጣሉ፦ «የኔ ልጅ፣ የምታስነሳኝ ይቺ ናት።» እውነታቸውን ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነውን ኮርቲዞንን ሕመሙ ለጠናባት ወጣት ሲሰጥ በቀናት ውስጥ መራመድ ጀመረች፤ በ1950ም ኖቤል ተሸለመ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲቆይ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ይቀሰቅሳል። ለወራት የወሰደውን ሰው ደግሞ «ዛሬውኑ ተው» ማለት አይቻልም፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያወርድለታል።

አጥንቱን ከመበላት የሚያድነው ሜቶትሬክሴት ነው፤ ችግሩ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ መዋጥ የለመደ ሰው በየቀኑ ከወሰደው መቅኒውን ይጎዳዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ ፖስታው ላይ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። አንዲት እናት «ጁምዓ ይሁንልኝ፣ እሱን አልረሳም» አሉኝ፤ «ዓርብ ብቻ» ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ፎሊክ አሲዱን ሰኞ አደረግነው። «ሮመዳን ሲገባስ?» አሉኝ። ካፈጠሩ በኋላ፣ ያው ዓርብ ማታ። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው «እኔም እጄን ያመኛል፣ ከእሳቸው ልካፈል?» አለችኝ። ፈጽሞ አልኳት፤ ያውም ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን መድኃኒት እንኳን ተካፍላ፣ ታዞላትም ቢሆን አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።