ለጓሮ ክፍልም ፈቃድ

በገርጂ፣ በጃክሮስ፣ በሲኤምሲና በአያት ሰፈሮች ከመንገድ የሚታየው ዋናው ቤት ነው። ሰርቪሱ ከጀርባው፣ የጎረቤትን አጥር ታክኮ፣ በብሎኬት ተገንብቶ ቆርቆሮ ለብሶ ይቆማል። ቀድሞ ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱና የሠራተኛ ማደሪያው እዚያ ነበሩ። አሁን የካፌ አስተናጋጁ፣ አዲስ የተቀጠረችው መምህርት፣ ከክፍለ ሀገር ለትምህርት የመጣው ልጅ በዚሁ ሰርቪስ ተከራይተው ይኖራሉ። የቤቱ ባለቤትም ጡረታውን በኪራዩ ይደጉማል። ሰርቪስ ባይኖር ኖሮ የቦሌና የአካባቢው ተከራይ ማደሪያው የት ይሆን ነበር?

ጓሮው ጥቂት ባዶ ቦታ ካለው ታዲያ አንድ ክፍል መጨመር ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ግንበኛ ይጠራል፣ አሸዋና ብሎኬት በር ላይ ይራገፋል፣ መሠረት ይቆፈራል። የፈቃድ ነገር ሲነሣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፎቅ አይደለም» የሚል አይጠፋም። የወረዳው ደንብ አስከባሪዎች በሩን ሲያንኳኩ ግን ይህ ክርክር አያዋጣም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻን ሲተረጉም ለመኖሪያ፣ ለቢሮ፣ ለፋብሪካ ወይም ለሌላ አገልግሎት የሚውለውን ቋሚም ሆነ ጊዜያዊ ግንባታ ሁሉ ይጨምራል። ትርጓሜው ስለ ካሬ ሜትር አያነሣም፤ ብሎኬት ይሁን ጭቃ፣ ቆርቆሮ ይሁን ላሜራ አይለይም። ግንባታ የሚለውም አዲስ መሥራትን ብቻ አይደለም። ያለውን ቤት ማሻሻልና አገልግሎቱን መለወጥም ግንባታ ነው። ብዙ ባለቤቶች የሚስቱት ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ነው። ዕቃ ቤት የነበረች ክፍል በመንገዱ በኩል በር ተከፍቶላት ሱቅ ከሆነች፣ አንድም ብሎኬት ባይጨመርባት በሕጉ ዓይን ግንባታ ተካሂዷል።

አዋጁ ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚ አካላቱ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠው ምድብ «ሀ» ነው፤ የተለመደው ሰርቪስ እዚህ ይገባል። ርቀቱ ከ7 ሜትር ሲያልፍ ወይም ፎቅ ሲጨመር ምድብ «ለ» ይሆናል። ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው ደግሞ ምድብ «ሐ» ነው። የሕዝብና የተቋም ሕንጻ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕም ከዚሁ ከምድብ «ሐ» ይመደባሉ። ጓሮው ውስጥ የብየዳ ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ጉዳዩ እንደ ሰርቪስ አይታይለትም።

በዚህ አካባቢ ከውጭ አገር በላኩት ወይም ይዘው በመጡት ገንዘብ ቤት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ከቨርጂኒያ የመጣው ሰው የሚያውቀው ሌላ ነው፤ እዚያ ለብቻዋ የቆመች፣ ከ256 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም ከ24 ካሬ ሜትር ገደማ የማትበልጥ የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ያለ ሕንጻ ፈቃድ ልትሠራ ትችላለች። በእንግሊዝ ደግሞ ከ15 ካሬ ሜትር በታች የሆነች የጓሮ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከሕንጻ ደንቡ ነጻ ናት፤ ነጻ የምትሆነው ግን ሰው የማያድርባት ስትሆን ነው። በቦሌ ሰርቪስ ውስጥ ሰው ያድራል። አንዳንዱ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ያድራል። ማጭድና መኮትኮቻ ለሚቀመጥበት ጎጆ የተፈቀደውን ነጻነት ለዚህ ቤት መመኘት ተገቢ አይደለም።

ለምን ቢባል፣ የሰርቪሱን ጣሪያ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው፤ ቦታ ለመቆጠብም ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው ከሰርቪሱ መታጠቢያ ቤት በላይ ነው። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 2 ቶን ነው። ያን የሚሸከመው ግድግዳ ከታች ግሬድ ቢም፣ ከላይ ቶፕ ታይ ቢም ከሌለው፣ ማዕዘኖቹም ላይ ፌሮ ያለው ኮለን ካልቆመ፣ የቀረው ብሎኬትን ከብሎኬት ያጣበቀው ሲሚንቶ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ያን ሰሞን ስለ ረጃጅሞቹ ፎቆች ብዙ ተወራ። ስለ ሰርቪሶቹ ግን የተናገረ ጥቂት ነው።

ከዚያ ደግሞ ጎረቤት አለ። አጥር ላይ ተለጥፎ የተሠራ ክፍል የክረምቱን ዝናብ በጎረቤት ግቢ ያራግፋል፤ የማድ ቤቱ ጭስ በጎረቤት መስኮት ይገባል፤ ያለ ቦታው የተቆፈረ ሴፕቲክ ታንክ የሌላውን ግቢ ያገማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የፈቃድ ባለሙያው ፕላኑ ላይ ከወሰን ያለውን ርቀት የሚለካው ጎረቤታሞች ፍርድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት ነው።

ሒደቱ የሚጀምረው ከካርታ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የያዘ ባለቤት በግቢው ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚገልጽ የፕላን ስምምነት ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ዲዛይኑን አቅርቦ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት ነገሩ ይለያል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ስለለየ፣ ምድር ቤት የሚኖር ሰው በመስኮቱ ሥር ያለውን መሬት እንደ ግል ጓሮው አጥሮ ክፍል ሊሠራበት አይችልም።

በከተማው ምሥራቃዊ ዳርቻ ይህ ሁሉ ሌላ ክብደት አለው። ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ በ2013 ዓ.ም. የተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥም ሆነ በዙሪያው፣ በሌሊት ተሠርቶ የሚያድረው ጨረቃ ቤት የቆየ ታሪክ ነው። ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሲጣሩ በ1997 ዓ.ም. የተነሣው የአየር ፎቶ ዋና ማመሳከሪያ ሆኗል። ሕጋዊ ካርታ ያለው ባለቤትም ያለ ፈቃድ በጨመራት ክፍል ምክንያት ከማፍረስ ትእዛዝ አያመልጥም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ በቦሌና በመገናኛ መንገዶች ሲያልፍ ብዙ ግቢዎች እንደገና ተለክተዋል። ካሣ የሚሰላው በሕጋዊ መንገድ ለተሠራ ንብረት ስለሆነ፣ ሰነድ የሌላት ክፍል ባለቤቷን በዚያ ቀን አትደግፈውም።

ጽሕፈት ቤቶቹም የድርሻቸውን ይወጡ። ለምድብ «ሀ» ሰርቪስ የተዘጋጀ መደበኛ ዲዛይን፣ የተቆረጠ ክፍያና አጭር ቀጠሮ ቢኖር፣ በሌሊት የሚሠራው ብዙ ሰው በቀን ሊሠራ ይመጣል። ባለቤቱ በበኩሉ አሸዋ ከማስመጣቱ በፊት ካርታውን ይዞ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ይሂድ። የሚጠየቀው ሰነድና ክፍያ በየጊዜው ስለሚሻሻል የጎረቤትን ወሬ ሳይሆን የዕለቱን መመሪያ ይጠይቅ፤ ፈቃዱ እጁ ሳይገባም መሠረት አያስቆፍር።